«ተዋናይ» የሚባል ሥራ አልነበረም

በዚህ ወር የማወጋችሁን ሰው ልጆቻችሁ ከእናንተ ቀድመው ያውቁታል። በ2019 የወጣውን «ዘ ላየን ኪንግ» ፊልም አይተው ከሆነ የሽማግሌውን የራፊኪን ድምፅ ሰምተዋል። «ብላክ ፓንተር»ን አይተው ከሆነ ደግሞ የዋካንዳውን ንጉሥ የትቻካን ፊት ያስታውሳሉ። ድምፁም ፊቱም የአንድ ሰው ነው። ጆን ካኒ ይባላል፤ ደቡብ አፍሪካዊ ነው።

ይህ ሰው በ1975 ከጓደኛው ከዊንስተን ንትሾና ጋር ኒውዮርክ ላይ የዓመቱ ምርጥ ተዋናይ ተብሎ የቶኒ ሽልማትን ተቀብሏል። ሽልማቱ የተሰጠው ለሁለቱ በጋራ ነው። በሀገራቸው መዝገብ ግን ሁለቱም የቤት ሠራተኞች ነበሩ። ነገሩ እንዲህ ነው። በአፓርታይድ ዘመን አንድ ጥቁር ሰው ከተማ ውስጥ ለመኖር የይለፍ ደብተር መያዝ፣ ደብተሩም አሠሪውን የሚገልጽ ማህተም ያረፈበት መሆን ነበረበት። ለጥቁር ከተፈቀዱት የሥራ ዓይነቶች መካከል «ተዋናይ» የሚል አልነበረም። ስለዚህ ካኒና ንትሾና አብሯቸው በሚሠራው በነጩ ጸሐፌ ተውኔት በአቶል ፉጋርድ ቤት ተቀጣሪ ተብለው ተመዘገቡ። ቀን ፖሊስ ቢያስቆማቸው የሰው ቤት አገልጋዮች ናቸው፤ ማታ መድረክ ላይ ይወጣሉ።

(በነገራችን ላይ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ሰባት ወይም ስምንት እየቀነሳችሁ አንብቡልኝ።)

የደቡብ አፍሪካን የቴአትር ታሪክ ከዚህ ደብተር ነጥሎ ማውራት አይቻልም። ማን ይጫወታል፣ ማን ይመለከታል፣ ማን ከማን ጎን ይቀመጣል፣ በስንት ሰዓት ወደ ሠፈሩ ይመለሳል የሚለውን ሁሉ የሚወስነው ሕግ ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ክልከላው የቴአትሩን መልክ ጭምር መሥራቱ ነው። አዳራሽ ሲከለከሉ ያለ አዳራሽ፣ ጌጥና መብራት ሲያጡ ያለ ጌጥ፣ አሥር ተዋናይ ማሰባሰብ ሲያቅት በሁለት ሰው መጫወትን ተማሩ። ዛሬ ዓለም «የደቡብ አፍሪካ ቴአትር» ብሎ የሚያደንቀው ይህንኑ ነው።

ከጥንቱ ትንሽ ልበላችሁና ቶሎ እንለፈው። ኬፕታውን ውስጥ ሪቤክ አደባባይ ላይ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሕንፃው በመጀመሪያ ቴአትር ቤት ነበር፤ በ1801 ተከፍቶ የእንግሊዝ ጦር መኮንኖችና ሹማምንት ተውኔት ይጫወቱበት ነበር። ባርነት ከቀረ በኋላ፣ በ1830ዎቹ መጨረሻ፣ ተሽጦ ነፃ ለወጡት ባሮች ጸሎት ቤት ሆነ። የሀገሬው ሰው ግን ከዚያ ሕንፃ በፊትም የራሱ ትርኢት ነበረው። በዙሉና በኮሳ ሕዝቦች ዘንድ በአለቃው ፊት ቆሞ የሚያወድስም የሚሸነቁጥም ኢምቦንጊ የሚባል ባለቅኔ አለ፤ ከእኛ አዝማሪና ፎካሪ ጋር ቢገናኝ የሚግባባ ይመስለኛል። ማታ እሳት ዳር ሴት አያቶች እንደ እንስሳው እየጮኹ፣ እንደ ጭራቁ እየተንጎራደዱ የሚተርኩት ተረትም ነበር። በኋላ ላይ የመጡት የሁለት ሰው ተውኔቶች ከፈረንጁ መድረክ ይልቅ ለዚህ ተረት ይቀርባሉ።

በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ገና በጠዋቱ የተነሳ ነው። ዛሬ ሀገሪቱ 12 የሥራ ቋንቋዎች አሏት፤ አሥራ ሁለተኛው በ2023 የተጨመረው የምልክት ቋንቋ ነው። በዚያን ጊዜ ግን የሚቆጠሩት እንግሊዝኛና የነጮቹ አፍሪካንስ ብቻ ነበሩ። ጋዜጠኛውና ፖለቲከኛው ሶል ፕላኪ፣ ዛሬ ኤኤንሲ የምንለው ድርጅት በ1912 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ የነበረው፣ አንድ የሼክስፒር ኮሜዲ ወደ ሴትስዋና ተርጉሞ በ1930 አሳተመ። ኸርበርት ድሎሞ ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። ኖንግቃውሴ ስለምትባለው፣ በ1850ዎቹ በተናገረችው ትንቢት ምክንያት የኮሳ ሕዝብ ከብቱን ስላረደላት ልጃገረድ የጻፈው ተውኔት በ1936 ሲታተም ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር። አንዱ የዓለምን ቴአትር ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ሲያመጣ፣ ሌላው የሕዝቡን ታሪክ ዓለም ወደሚያነበው ቋንቋ ወሰደ። ማን ልክ ነበር ብትሉኝ ክርክሩ ዛሬም አላለቀም።

በ1948 የነጮቹ ብሔርተኛ ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ መድልዎው በሕግ ተጽፎ መጣ። ማን በየትኛው ሠፈር እንደሚኖር በ1950፣ ማን በየትኛው መናፈሻ፣ አውቶቡስና አዳራሽ እንደሚገለገል በ1953 ተደነገገ። መንግሥት በ1963 አራት የትወና ጥበባት ምክር ቤቶች አቋቁሞ ገንዘብ ሲያፈስ ኦፔራውም ባሌውም ተውኔቱም ለነጭ ተመልካች ነበር። በ1965 ደግሞ ቅይጥ ተዋንያንም ሆኑ ቅይጥ ተመልካቾች ያለ ልዩ ፈቃድ በአንድ አዳራሽ እንዳይገናኙ የሚከለክል አዋጅ ወጣ።

በዚህ መሃል የኢዮአን ቡድን ታሪክ ልቤን ይነካዋል። ቡድኑ በ1933 ኬፕታውን ውስጥ ዲስትሪክት ሲክስ በሚባለው ሠፈር ተመሠረተ። አባላቱ በሀገሪቱ ሕግ «ከለርድ» ተብለው የተመዘገቡ ክልሶች ናቸው፤ ቀን ልብስ ሲሰፉና ፋብሪካ ሲሠሩ ውለው ማታ የሚያጠኑ ሰዎች። እነዚህ ሰዎች በ1956 የቨርዲን «ላ ትራቪያታ» ሙሉ ኦፔራ በጣልያንኛ በኬፕታውን ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ተጫወቱት። እንዲህ ያለ ሥራ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ያለው መንግሥት ዘንድ ነው። ቡድኑ ለከለርዶች ጉዳይ ከተቋቋመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ድጎማ ተቀበለ። ዋጋውም ተመልካቹን በዘር ለይቶ ማስቀመጥ ሆነ። የገዛ ወገኖቻቸው ከእነሱ ሸሹ፤ ከአሳዳሪዎቻችሁ ጋር ገጠማችሁ ተባሉ። የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ ቨርዲን መዝፈን የፈለገ ሰው ሌላ ምን መንገድ ነበረው? በሌላ በኩል ደግሞ የራሱ ጎረቤት ተለይቶ እንዲቀመጥ የተደረገበትን ኦፔራ ማን በደስታ ያጨበጭባል? እኔ ለመፍረድ አልደፍርም። ኋላ ላይ ሠፈሩም አልተረፈላቸውም። በ1966 ዲስትሪክት ሲክስ የነጮች ክልል ነው ተብሎ ታወጀ፤ ከ60,000 በላይ ሰው ተነስቶ ቤቱ በቡልዶዘር ፈረሰ።

ሕግ ሲጠብቅ ቀዳዳ የሚፈልግ አይጠፋም። አንዱ ቀዳዳ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በየካቲት 1959 ጆሃንስበርግ በሚገኘው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ትልቁ አዳራሽ «ኪንግ ኮንግ» የተሰኘ ሙዚቃዊ ቴአትር ተከፈተ። አዳራሹ የዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ጥቁርና ነጭ ተመልካች አብሮ መግባት ቻለ። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ኤዘኪኤል ድላሚኒ የሚባል የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ነበር፤ ቅጽል ስሙ ኪንግ ኮንግ። ፍቅረኛውን ገደለ፤ ታሰረ፤ በ1957 በእስር ላይ ሳለ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። ሙዚቃውን የደረሰው ቶድ ማትሺኪዛ ሲሆን ከባንዱ ውስጥ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ሂዩ ማሴኬላ ነበረበት። ሺቢን ማለት የእኛን ጠላ ቤትና አረቄ ቤት የምትመስል የጥቁሮች ሠፈር መጠጥ ቤት ናት፤ የሺቢኗን እመቤት ሆና የተጫወተችው ደግሞ ሚርያም ማኬባ ናት። አዎ፣ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ የዘፈነችው ማኬባ። ቴአትሩ በ1961 ለንደን ሲሄድ ከተዋንያኑ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። ማኬባም አስቀድማ ወጥታ ስለነበር ፓስፖርቷ ተሰርዞ እስከ 1990 ድረስ አገሯን ሳታይ ኖረች።

ያ ሁሉ ታላቅ ሥራ ግን የከተማ ጉዳይ ነበር። ታውንሺፕ በሚባሉት የጥቁሮች ሠፈሮች፣ በሶዌቶና በመሰሎቿ፣ ቴአትር ሲባል ሰዉ የሚጠራው አንድ ስም ነው፤ ጊብሰን ኬንቴ። በ1932 ተወለደ፤ ከፉጋርድ ጋር እኩያ ነው። ፉጋርድን ዓለም ያውቀዋል፤ ስለ ኬንቴ ግን ከደቡብ አፍሪካ ውጭ የሚያወራ እምብዛም የለም። ይህን ሚዛን ሁልጊዜ ያልተስተካከለ ሆኖ አገኘዋለሁ። ኬንቴ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በራሱ ኪስ፣ ያለ ምንም ድጎማ፣ ተዋንያን እያሠለጠነ፣ ዘፈን እየደረሰ፣ ዳንስ እያስጠና ከሠፈር ሠፈር አዞራቸው። ቴአትር ቤት የሚባል ነገር ታውንሺፕ ውስጥ ስለሌለ በሠፈር አዳራሽ ነበር የሚያሳዩት። ማይክሮፎን ስለሌለ ድምፃቸው ይጮኻል፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰው እንዲያይ እጃቸው ይወራጫል። ታሪኩ የሠፈሩ ታሪክ ነው፤ ሰካራም ባል፣ ዱርዬ ልጅ፣ ቄስ፣ ፖሊስ፣ መከራ የበዛባት እናት፣ ሠርግና ለቅሶ። ሰው ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ከተዋንያኑ ጋር ይዘፍናል። የተማሩት «ይህማ ማዝናኛ ብቻ ነው» እያሉ ይተቹት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን «እስከ መቼ»፣ «አምናለሁ» እና «ዘግይቷል» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሦስት ተውኔቶች አከታትሎ አወጣ። ርዕሶቹ ብቻ ይበቃሉ። በ1976 «እስከ መቼ»ን ወደ ፊልም ሲቀይር ታሰረ።

አሁን ወደ ፉጋርድ፣ ከዚያም ወደ ካኒና ንትሾና ልመለስ። ፉጋርድ በ1961 ከጥቁሩ ተዋናይ ከዜክስ ሞካዬ ጋር ሆኖ የሁለት ወንድማማቾችን ታሪክ ተጫወተ፤ ከአንድ እናት የተወለዱ፣ አንዱ ፈካ ያለ ስለሆነ ነጭ መስሎ ማለፍ የሚችል። ነጭና ጥቁር አንድ መድረክ ላይ መታየታቸው ራሱ ዜና ነበር። ቴአትሩ በየከተማው ሲዞር ፉጋርድ በባቡር አንደኛ ማዕረግ፣ ሞካዬ ሦስተኛ ማዕረግ ይሳፈሩ ነበር። መድረክ ላይ ወንድማማቾች፣ ባቡር ላይ እንዲህ። መንግሥትም በ1967 የፉጋርድን ፓስፖርት ቀማው።

በ1963 ፖርት ኤልሳቤጥ አጠገብ ካለችው ኒው ብራይተን ከምትባል ታውንሺፕ የመጡ ሰዎች ፉጋርድን «አብረኸን ሥራ» አሉት። ቡድኑ ሰርፐንት ፕሌየርስ ተባለ። ከጊዜ በኋላ ከአባላቱ አንዳንዶቹ ተይዘው ወደ ሮበን ደሴት ተላኩ፤ ካኒና ንትሾና የተገኙት ከዚህ ቡድን ነው። ካኒ በፎርድ መኪና ፋብሪካ ሠርቷል። በ1972 ሦስቱ ሆነው ኬፕታውን ውስጥ «ዘ ስፔስ» በምትባል ትንሽ ቴአትር ቤት «ሲዝዌ ባንሲ ሞቷል»ን ሲያቀርቡ ተውኔቱ የሚጀምረው በዚሁ የፋብሪካ ወግ ነው። ከአሜሪካ የኩባንያው ባለቤት ሊጎበኝ ሲመጣ ወለሉ እንዴት እንደተፈገፈገ፣ ሠራተኛው ደስተኛ መስሎ እንዲታይ እንዴት እንደታዘዘ ይተርካል። ሰዉ በሳቅ ይሞታል። ከዚያ የተውኔቱ ልብ ይመጣል። ሲዝዌ የሚባል ባላገር ሥራ ፍለጋ ከተማ ገብቷል፤ ደብተሩ ግን ከተማ እንዲቆይ አይፈቅድለትም። አንድ ማታ ከወዳጁ ጋር መንገድ ዳር ሬሳ ያገኛሉ። ሬሳው ኪስ ውስጥ ደግሞ የተፈቀደ ደብተር አለ። ወዳጁ ፎቶውን ቀይረን የሟቹን ስም ያዝ ይለዋል። ሲዝዌ ስሜን እንዴት እጥላለሁ፣ ሚስቴ ማን ልትባል ነው፣ ልጆቼስ የማን ልጆች ናቸው ይላል። ልጆቹን ማብላት ይበልጣል ወይስ ስም? ቴአትሩ በታውንሺፕ ሲታይ ተመልካቹ ዝም ብሎ መቀመጥ እያቃተው እርስ በርሱ ይከራከር ነበር። «ሲዝዌ» የሚለው ስም በኮሳ ቋንቋ ሕዝብ ከሚለው ቃል የመጣ መሆኑን ስታውቁ የርዕሱ ሰምና ወርቅ ይገለጥላችኋል። ነጩ ተመልካች አንድ ሰው ሞተ ብሎ ሲሰማ፣ ጥቁሩ ሕዝብ ሞተ ብሎ ይሰማል።

ሁለተኛው ሥራቸው፣ በ1973 የቀረበው «ደሴቲቱ»፣ ሮበን ደሴት ላይ ስላሉ ሁለት እስረኞች ነው። እስረኞቹ የጥንት ግሪኩን «አንቲጎን» ለመጫወት ይለማመዳሉ፤ ንጉሥ የከለከለውን የወንድሟን ቀብር የፈጸመችውን ልጅ ታሪክ። ይህ ከሐሳብ ብቻ የመጣ አልነበረም። ከቡድኑ አባላት አንዱ «አንቲጎን»ን ሲለማመዱ ታስሮ ደሴቲቱ ሲገባ እዚያው ከእስረኞች ጋር ተጫውቶታል። ኔልሰን ማንዴላም በእስር ዘመኑ በዚህ ተውኔት ውስጥ የጨካኙን ንጉሥ የክሬዖንን ገጸ ባሕርይ እንደተጫወተ በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ጽፏል። በ1962 ኮልፌ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደውን ሰው የአምባገነን ካባ ለብሶ ሳስበው ፈገግ እላለሁ። በዚያው ደሴት ሰኒ ቬንካትራትናም የሚባል እስረኛ የሼክስፒርን ሙሉ ሥራዎች መጽሐፍ በሂንዱ በዓል ፖስት ካርዶች ሸፍኖ፣ ለጠባቂዎቹ የሃይማኖት መጽሐፌ ነው ብሎ ደብቆት ነበር። እስረኞቹ እየተቀባበሉ የወደዱት ቦታ ላይ ፈረሙበት። ማንዴላ በታኅሣሥ 1977 የፈረመው «ጁሊየስ ቄሳር» ላይ፣ ስለ ፈሪና ስለ ደፋር ሞት የሚያወራው ቦታ ላይ ነው።

ካኒና ንትሾና ቶኒ ይዘው ከተመለሱ በኋላስ? በ1976 ትራንስካይ ውስጥ «ሲዝዌ ባንሲ»ን ተጫውተው ታሰሩ።

በውጭ ያሉ ሰዎች በዚህ ሁሉ ምን አደረጉ? በ1963 ከ40 የሚበልጡ የዓለም ጸሐፍተ ተውኔት ሥራዎቻችን በዘር ለተከፋፈለ ተመልካች እንዳይቀርቡ ብለው ፈረሙ። ፉጋርድ በመጀመሪያ የዚህ ማዕቀብ ደጋፊ ነበር፤ ኋላ ግን መድረኩ ዝም ሲል የሚጠቀመው መንግሥት ነው ብሎ ሐሳቡን ለወጠ። እኔም ወደዚህ አደላለሁ፤ ምክንያቴም ቀጥሎ የምነግራችሁ ቤት ነው።

ጆሃንስበርግ ኒውታውን ውስጥ የሕንዶች የፍራፍሬ ገበያ የነበረ ሕንፃ አለ። ገበያው ሲዛወር ባርኒ ሳይመንና ማኒ ማኒም የሚባሉ ሁለት ሰዎች ባዶውን ሕንፃ ይዘው ያለ መንግሥት ድጎማ ቴአትር ቤት አደረጉት። በር ላይ ዘር አይጠየቅም፤ ጥቁርም ነጭም አንድ ወንበር ተራ ላይ ይቀመጣል። ይህ በሕግ አልተፈቀደም፤ ግን አደረጉት። «ማርኬት ቴአትር» የተከፈተው ሰኔ 21 ቀን 1976 ነው። ቀኑን ልብ በሉ። ልክ ከአምስት ቀን በፊት፣ ሰኔ 16፣ የሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ አንማርም ብለው ወጥተው ተተኩሶባቸዋል። ከተማዋ በጭስ ላይ ነች። የመጀመሪያው ተውኔት ደግሞ የሩሲያዊው የቼኾቭ «ሲጋል» ነበር! ለዚያ ሳምንት የማይመጥን ምርጫ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ሳምንት በዚያች ከተማ የተለያየ ቀለም ያለው ሰው ጎን ለጎን የተቀመጠበት ሌላ አዳራሽ ስንት ነበር?

በ1981 እዚያው መድረክ ላይ «ዎዛ አልበርት» ወጣ። ፐርሲ ምትዋና ምቦንጌኒ ንጌማ የተባሉት ወጣቶች የተገናኙት በኬንቴ ቡድን ውስጥ ነው፤ ከሳይመን ጋር ሆነው ሠሩት። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ጌታ ኢየሱስ ዳግም የሚመጣው ወደ አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ቢሆንስ? መጀመሪያ መንግሥት «ወደ እኛ መጣ» ብሎ ይኩራራል። ሲናገር ሲሰሙት ሮበን ደሴት ያስሩታል፤ እሱ ግን በባሕሩ ላይ እየተራመደ ይወጣል። ሁለቱ ተዋንያን ፀጉር ቆራጭ፣ ወታደር፣ አሮጊት፣ ጋዜጠኛ፣ ባቡር፣ ሄሊኮፕተር ሁሉንም ይሆናሉ። ነጭ ሲሆኑ ሮዝ ቀለም ያለው ክብ አፍንጫ ይለጥፋሉ፤ ያ ብቻ ነው አልባሳቱ። እንግሊዝኛ፣ ዙሉና አፍሪካንስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይደባለቃሉ። አለቃው የማይሰማውን ሠራተኛው በዙሉ ይለዋል፤ ያኔ ሳቁ ከአዳራሹ ግማሽ ብቻ ይነሳል። ሌላው ግማሽ ምን እንዳመለጠው እያሰበ ይቀመጣል። ለዚያ ተመልካች፣ በሀገሩ የሚነገረውን ሳያውቅ መኖሩን የተረዳበት የመጀመሪያው ምሽት ሳይሆን አይቀርም።

ሁለት ሥራዎች ብቻ ልጨምር፤ ሁለቱም የ1987 ናቸው። አንዱ «ኦቴሎ» ነው። እኛ ኦቴሎን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም የምናውቀው፣ ጥቁሩ ጄኔራል ነጯን ዴዝዴሞናን የሚያገባበትን ታሪክ፣ ማርኬት ቴአትር ውስጥ ጃኔት ሱዝማን አዘጋጀችው። ኦቴሎን የሆነው ጆን ካኒ ነው። በዘር ልዩነት የተከለከለው ጋብቻና ፍቅር በሕግ የተፈቀደው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1985 ነበር። ሕጉ ይነሳ እንጂ ሰዉ ገና አልተነሳም። ጥቁሩ ነጯን ሲስም ከመቀመጫው ብድግ ብሎ የሚወጣ ተመልካች ነበር፤ የስድብ ደብዳቤም ይጎርፍ ነበር።

ሁለተኛው የንጌማ «ሳራፊና» ነው። የሰኔ 16ቱን ተማሪዎች ታሪክ በዘፈንና በጭፈራ የሚናገረው ይህ ሥራ ብሮድዌይ ደርሶ በ1992 ዉፒ ጎልድበርግና ሌለቲ ኩማሎ የተጫወቱበት ፊልም ሆኗል፤ ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አትቀሩም። ከልጆች ጋር ለማየት የምታስቡ ወላጆች ግን አስቀድማችሁ ለብቻችሁ እዩት። በቁም የሚቃጠል ሰውና የእስር ቤት ግርፋት ስላለበት ለትንንሾቹ አይሆንም። አሥራዎቹ ውስጥ ላሉት ደግሞ የዩኒፎርም ሱሪና ቀሚስ የለበሱ እኩዮቻቸው ስለ ቋንቋ ብለው ምን እንደከፈሉ ከእናንተ ጋር ቢያዩት ብዙ ያስወራል።

ነፃነት በ1994 መጣ። ሁሉም በር ተከፈተ፤ ችግሩ ግን መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። የነፃይቱ ሀገር ጤና ሚኒስቴር ስለ ኤድስ እንዲያስተምርለት «ሳራፊና 2»ን በ14 ሚሊዮን ራንድ አሠርቶ፣ ገንዘቡ እንዴት እንደወጣ ምርመራ ተነስቶ በ1996 ሥራው ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ በሽታው በየቤቱ ይገባ ነበር፤ ሰዉም በሹክሹክታ ካልሆነ አያወራውም። ያን ዝምታ ከሰበሩት አንዱ ያው ሽማግሌው ኬንቴ ነው። በ2003 በአደባባይ ወጥቶ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ አለ። በማግስቱ ዓመት አረፈ። እንደ እኔ እንደ እኔ ከተውኔቶቹ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ካኒ በበኩሉ በ2002 የመጀመሪያውን ለብቻው የጻፈውን ተውኔት አቀረበ። በ1985 ታናሽ ወንድሙ በፖሊስ ጥይት ተገድሎበታል። ተውኔቱም ከስደት አስከሬኑ የሚመለስ ወንድምና አገር ቤት ሆኖ የቀረ ወንድም መካከል ስላለ ቂም ነው። ስደተኛው ጀግና ተባለ፤ እናትና አባት የጦረው፣ የቀበረውስ? በየቤታችን ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት ላለን ሰዎች ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። ዛሬ የማርኬት ቴአትር ዋናው አዳራሽ በካኒ ስም ይጠራል።

የቋንቋው ጥያቄ ግን ሕይወት አለው። በትልልቆቹ መድረኮች ዛሬም የሚገዛው እንግሊዝኛ ነው። አፍሪካንስ ከ1995 ጀምሮ በኡድትሶርን ከተማ በየዓመቱ የሚካሄድ የራሱ ትልቅ የጥበብ ፌስቲቫል አለው። ሚሊዮኖች የሚናገሯቸው ዙሉና ኮሳ፣ ሶቶና ቬንዳ ያን ያህል አቅም ያለው መድረክ አላገኙም። ዌልካም ምሶሚ በ1970 ማክቤዝን በዙሉ ንጉሦች ዓለም ውስጥ በዙሉ ቋንቋ አዘጋጅቶት ለንደን ድረስ ሄዷል፤ ሰዉ ቃሉን ሳይሰማ በጭፈራውና በከበሮው ብቻ ተከትሎታል። ስለዚህ አይቻልም የሚል ሰው ምክንያት የለውም።

ጆሃንስበርግ ዘመድ ያላችሁ፣ ወይም ለንግድ የምትመላለሱ፣ ጄፒ የሚባለውን የሀበሾች የገበያ ሠፈር ታውቁታላችሁ። ማርኬት ቴአትር ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ ያው መሃል ከተማው ውስጥ ነው። በታክሲ ሂዱ፣ ከጨለመ በኋላ በእግር አትሞክሩት። ቋንቋው ካልገባችሁ ደግሞ ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው ሳቅ ተከተሉ።

ልጆቻችሁም «ካፒቴን አሜሪካ፦ ሲቪል ዋር» የሚለውን የ2016 ፊልም ሲያዩ ንጉሥ ትቻካ ለልጁ በማይታወቅ ቋንቋ ሲናገር ከሰሙ የፈጠራ ቋንቋ እንዳይመስላቸው። ኮሳ ነው። ካኒ ቀረጻው ላይ አባት ልጁን በገዛ ቋንቋው ያናግር ብሎ ያመጣው የእናቱ ቋንቋ ነው። የፊልሙ ሰዎች ወደዱት፤ የዋካንዳ ቋንቋ ሆኖ ቀረ።